ዝም አሰኚው ኢንዛይም

ስለ ጂን ስናወራ ዘወትር የምናነሣው ጂኑ የሚሠራውን ነው፤ ይህኛው ኢንሱሊን ያስገኛል፣ ያኛው ሄሞግሎቢን ያስገኛል እንላለን። የሰው ሕዋስ ፕሮቲን የሚያስገኙ ሃያ ሺህ ገደማ ጂኖች ይዞ ሳለ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ የሚያውለው ከፊሎቹን ብቻ መሆኑን፣ የቀሩት ዝም ብለው መቀመጣቸውም ለሕዋሱ የሚሠሩትን ያህል እንደሚያስፈልገው ግን እምብዛም አናነሣም። እኔን ከዓመት ዓመት የበለጠ የሚገርመኝ ይኸኛው ወገን ነው። ዝምታው ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሠራተኛም አለው። ከሠራተኞቹ አንዱ ኢዜድኤች-2 የሚባለው የሰው ኢንዛይም ሲሆን ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወደ እርሱ የመራኝ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ልጆች የእናታቸውን ዲኤንኤ ሙሉ በሙሉ እንደሚወርሱ አስረድቼ ወደሚቀጥለው ርእስ ልሻገር ስል ከኋላ ከተቀመጡት አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የጉበቱም የዓይኑም ሕዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ካላቸው፣ ጉበቱ አንድ ቀን ተነሥቶ ዓይን ልሁን ቢል ማን ይከለክለዋል?» ክፍሉ ሳቀ። በየሕዋሱ የሚሠሩት ጂኖች ስለሚለያዩ ነው ብዬ መለስሁላት። እርሷ ግን አልተቀመጠችም፤ «እሱማ እሺ፤ የሚለያያቸው ማን ነው ነው የምልዎ» አለች። ልክ ነበረች፤ የሰጠኋት መልስ ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከመግፋት በቀር የፈታው ነገር አልነበረም።

የሚለያየውን ለማግኘት ከዲኤንኤው ፊደል ዐይንን አንሥቶ ዲኤንኤው የተጠቀለለበትን ነገር ማየት ያስፈልጋል። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሚያድረው ግን ስፋቱ ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ እምብዛም በማይበልጥ ኑክሊየስ ውስጥ ነው። እንዲህ ተጣጥፎ እንዲያድር የሚያደርጉት ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል በ1884 ከወፍ ቀይ የደም ሕዋስ ኑክሊየስ ለይቶ ያወጣቸው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ከመጠቅለያ የተለየ ግምት አልሰጧቸውም። ኤች-2ኤ፣ ኤች-2ቢ፣ ኤች-3 እና ኤች-4 የተባሉት ሂስቶኖች ሁለት ሁለት ሆነው ስምንት ይሆኑና ይሰባሰባሉ፤ በዙሪያቸውም 147 ያህል ጥንድ ቤዞች (የዲኤንኤው ፊደላት) የሚረዝም የዲኤንኤ ቁራጭ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ ይጠመጠምባቸዋል። ይህ ጥቅል ኑክሊዮሶም ይባላል፤ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ኑክሊዮሶሞችም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው።

የሂስቶኖቹ አካል ሁሉ ግን ጥቅሉ ውስጥ አይቀርም። ከእያንዳንዱ ጫፍ ጅራት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ውጭ ይወጣል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም ያለው እዚህ ጅራት ላይ ነው። በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቪንሰንት ኦልፍሬይ ከባልደረቦቹ ጋር በሂስቶን ላይ የሚጨመሩ አሴቲልና ሜቲል የተባሉ ጥቃቅን የኬሚካል ቅጥያዎች ከጂን ወደ አርኤንኤ በሚደረገው ግልባጭ ላይ ለውጥ ሊያመጡ እንደሚችሉ ጽፎ ነበር። ቅጥያዎቹን የሚጨምሩትና የሚያነሡት ኢንዛይሞች ተለይተው እስኪታወቁ ግን ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ1996 የዴቪድ አሊስ ቡድን ቴትራሃይሜና ከተባለች ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር አሴቲል ጨማሪ ኢንዛይም አገኘ፤ በዚያው ዓመት የስቱዋርት ሽራይበር ቡድን አሴቲል የሚያነሣውን የሰው ኢንዛይም አገኘ፤ በ2000 ደግሞ የቶማስ የኑዋይን ቡድን በሂስቶን ላይሲን ላይ ሜቲል የሚጨምረውን የመጀመሪያውን ኢንዛይም ይፋ አደረገ። የኢዜድኤች-2 ተራ የደረሰው በ2002 ነው፤ በዚያ ዓመት አራት የተለያዩ ቡድኖች እርሱ ወይም የዝንብ ዘመዱ ምን እንደሚሠራ ለየብቻቸው አሳዩ።

ሥራው ጠባብና የተለየ ነው። ከኤች-3 ጅራት ላይ 27ኛ ሆኖ የተቀመጠውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ያገኝና አንድ ሜቲል ያስቀምጥበታል፤ ከዚያ ሁለተኛ፤ ከዚያ ሦስተኛ። ሜቲል ማለት አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ብቻ ነው፤ በኬሚስትሪ ክፍል ልጆቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚስሉት ነገር ነው። በዚህ ስፍራ ሦስት ሜቲል የተቀመጠበት ጂን ግን ዝም ይላል። ሲቢኤክስ የተባሉ ፕሮቲኖች ሦስቱን ሜቲሎች አውቀው ይይዟቸዋል፤ የእነርሱም ቡድን ኑክሊዮሶሞቹን አቀራርቦ ስፍራውን ያጠብቀዋል። በተጨማሪ አንድ ላይሲን ሜቲልንና አሴቲልን በአንድ ጊዜ መያዝ ስለማይችል፣ ጂን የሚያነቃው አሴቲል ሊቀመጥበት ይችል የነበረው ቦታ በሜቲል ይያዛል። ፒ-300 የተባለው አሴቲል ጨማሪ ኢንዛይም የሚፈልገው ያንኑ 27ኛውን ላይሲን ነውና ሁለቱ የሚሻሙት አንዲት ነጥብ ናት።

እዚህ ላይ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የማነሣው አንድ ነገር አለ። ኢዜድኤች-2 ሜቲሉን ከራሱ አያመጣም፤ ኤስ-አዴኖሲል-ሜቲዮኒን ከተባለ ሞለኪውል ይቀበላል፣ ያ ሞለኪውል ደግሞ የሚሠራው ሜቲዮኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ነው። ሜቲዮኒንም ሆነ ሜቲሉ የሚያርፍበት ላይሲን የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸው አሚኖ አሲዶች ወገን ስለሆኑ ከምግብ መምጣት አለባቸው። ጤፍ እንደ ሌሎቹ እህሎች ሁሉ ላይሲን ያንሰዋል፣ በሜቲዮኒን ግን ደህና ነው፤ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ደግሞ በላይሲን በልጽገው ሜቲዮኒን ያጥራቸዋል። እንግዲህ በጎጃም ቤት ሁሉ የማይታጣው እንጀራ በሽሮ ሜቲሉ የሚያርፍበትንም ሜቲሉ የሚገኝበትንም ነገር አሟልቶ ያቀርባል ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ወዲያው አንድ ነገር አክላለሁ፦ ሽሮ የበላ ሰው ጂኖቹን እንደ ፈለገ ያበራል ያጠፋል ማለት አይደለም። ምግቡ የሚያቀርበው ጥሬ ዕቃውን ነው፤ የትኛው ጂን ዝም ይበል የሚለውን የሚወስነው ሌላ ነው።

ሌላውን ለመረዳት ወደ ዝንብ መሄድ ግድ ይላል። በ1947 ፓሜላ ሉዊስ በፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ስትሠራ አንድ እንግዳ ለውጥ አየች። ወንዱ ዝንብ በፊት እግሮቹ ላይ ብቻ ማበጠሪያ የመሰለ የፀጉር ረድፍ አለው፤ እርሷ ያገኘቻቸው ዝንቦች ግን ይህ ረድፍ በመካከለኛና በኋላ እግሮቻቸውም ላይ በቅሎ ነበር። የኋላ እግር የፊት እግር ነኝ ብሎ ነበር ማለት ይቻላል። ባሏ ኤድዋርድ ሉዊስ በኋላ በ1995 የኖቤል ሽልማት የተካፈለ ሲሆን፣ በ1978 ባሳተመው ሥራ ይህ ለውጥ ያበላሸው ጂን በደኅናው ጊዜ የአካል ክፍሎችን የሚወስኑ ሌሎች ጂኖችን ዝም የሚያሰኝ መሆኑን አስረዳ። ለውጡ ፖሊኮምብ ተባለ። ከእርሱ ጋር የሚሠሩ ሌሎች ጂኖችም በኋላ ሲታወቁ በዚሁ ስም ተሰበሰቡ፤ ኢዜድኤች-2ም የዚህ ቤተሰብ የሰው አባል ነው። የጠየቀችኝ ልጅ ጥያቄ ጉበትና ዓይን ላይ ነበር፤ ዝንቡ ላይ የታየው እግርና እግር ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ከልካዩ ሲጠፋ አንዱ አካል የሌላውን ቦታ ይወስዳል።

ኢዜድኤች-2 ብቻውን ምንም አይሠራም። በ7ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ካለ ጂን የሚወጣ፣ 746 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ሲሆን፣ ሜቲል የሚያኖረው ክፍሉ የሚነቃው ኢኢዲ እና ሱዝ-12 ከተባሉ ፕሮቲኖች ጋር ሲገጣጠም ነው። ማኅበሩ ፒአርሲ-2 ይባላል። ከጓደኞቹ ተለይቶ የተቀመጠ ኢዜድኤች-2 ሜቲሉም ሂስቶኑም ቢቀርብለት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህ ለእኔ ትንሽ ዝርዝር አይደለም፤ ጽሑፉን እስከዚህ ያስረዘምሁት በተለይ ስለ ኢኢዲ ለመናገር ስል ነው።

ከማይቶሲስ (ከሕዋስ መከፈል) ትምህርት ቀጥሎ የሽንኩርት ሥር እናያለን። ከገበያ የተገዛ ሽንኩርት ሥሩ ውኃ እንዲነካ ሆኖ በብርጭቆ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ነጫጭ ሥሮች ሲያወጣ ጫፎቻቸው ተቆርጠው በአሲድ ይለሰልሳሉ፣ አሴቶካርሚን በተባለ ቀይ ማቅለሚያ ይነከራሉ፣ ከዚያ በመስተዋት መሸፈኛ ሥር በአውራ ጣት ይደፈጠጣሉ። ሁሉም ማይክሮስኮፖቻችን ደኅና አይደሉም፤ በደኅናው ላይ ተራ ይጠበቃል። ተራው የደረሰው ልጅ ዐይኑን አስጠግቶ የሚያየው ነገር ደማቅ ቀያይ ዘንጎች (ክሮሞሶሞቹ) መካከል ላይ ተሰልፈው ወይም ወደ ሁለት ወገን ተጎትተው ነው። «ታዩኝ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔ በዚያች ቅጽበት የማስበው ልጆቹ የማያዩትን ነው፦ ዘንጎቹ እንዲህ ሲጠብቁ የጂኖቹ ሥራ በአብዛኛው ይቆማል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ አዳዲስ ሕዋሶች እንደገና ሲፈቱ ግን ሁለቱም የሥር ሕዋስ መሆናቸውን ያውቃሉ። ሽንኩርትም የኢዜድኤች-2 ዘመድ አለው፤ ይህ ቤተሰብ ዕፅዋትም እንስሳትም የሚጋሩት ነው።

እዚህ አንድ ከባድ ችግር አለ። ሕዋሱ ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤው ሲባዛ ኑክሊዮሶሞቹ ይፈታሉ፤ ምልክት ያለባቸው አሮጌዎቹ ሂስቶኖች ለሁለቱ ቅጂዎች ይከፋፈላሉ፤ የጎደለውን ቦታ ምንም ያልተጻፈባቸው አዳዲስ ሂስቶኖች ይሞሉታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጂ ከምልክቱ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ይወጣል። ማንም ካልሞላው በሚቀጥለው መከፈል ሩብ ይሆናል፣ ከዚያ ስምንተኛ፤ ጥቂት ትውልድ ሳይቆይ ዝምታው ይፈርሳል። ፊደሉን ለመገልበጥ ጥንድ ቤዞች እርስ በርስ ይመራራሉ፤ ሂስቶን ላይ ላለው ምልክት ግን እንዲህ ያለ መሪ የለም።

ችግሩ እንዴት እንደሚፈታ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ድጓ ነው። በልጅነቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር የቆሎ ተማሪዎቹ አጠገብ ተቀምጬ የምሰማበት ጊዜ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም ወደ አንድ የዜማ መምህር ሄጄ የብራና ድጓቸውን እንዲያሳዩኝ ለምኛቸው ነበር። «የኔታ፣ ይህ ከላይ ያለው ጥቃቅን ጽሕፈትስ?» ስላቸው «ንባቡ አይደለም፣ ምልክቱ ነው ልጄ። ያለሱ ቃሉን ታነበዋለህ እንጂ አታዜመውም» አሉኝ። ድፋቱ፣ ይዘቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ በንባቡ መስመሮች መካከል በጥቃቅኑ ተሰድሯል። ንባቡን አንዲት ፊደል ሳይለውጥ የሚሆነውን ይወስናል። ድጓ የሚገለብጥ ጸሐፊ መጀመሪያ ንባቡን ይጽፋል፤ ከዚያ አሮጌውን ድጓ ከጎኑ ዘርግቶ እያየ ምልክቱን በአዲሱ ላይ ያስገባል። ኢኢዲ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሦስት ሜቲል ያለበትን የኤች-3 ጅራት የሚቀበል ኪስ አለው፤ አሮጌውን ምልክት በዚያ ኪስ ሲይዝ የማኅበሩ ቅርጽ ይለወጥና የኢዜድኤች-2 ፍጥነት ይጨምራል፤ ኢዜድኤች-2ም በአጠገቡ ባለው ባዶ ሂስቶን ላይ ምልክቱን ይጽፋል። አንባቢውና ጸሐፊው በአንድ ማኅበር ውስጥ ተቀምጠዋል። በ2009 ይህ ሲታይ ዝምታ ከእናት ሕዋስ ወደ ልጅ ሕዋስ እንዴት እንደሚሻገር አንድ ግልጽ መንገድ ተገኘለት። እርግጥ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ የድጓው ምልክት እንዲዜም ነው፣ ይህኛው እንዲታፈን፤ የድጓው ጸሐፊም ነጥብ በነጥብ ይገለብጣል፣ ኢዜድኤች-2 ግን አካባቢውን ይሞላል እንጂ ለእያንዳንዷ ሂስቶን ታማኝ ግልባጭ አይሠራም።

የተጻፈውም ለዘለዓለም አይቆይም። በ2007 ከ27ኛው ላይሲን ሜቲል የሚያነሡ ሁለት ኢንዛይሞች፣ ዩቲኤክስ እና ጄኤምጄዲ-3፣ ታወቁ። ፅንስ ሲያድግ ሕዋሱ አዲስ መንገድ ሲይዝ አንዳንዱ ዝምታ መነሣት አለበትና የሚያነሣው ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ይህ ሠራተኛ ሲታመም ምን ይሆናል? መልሱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው የሚያስደንቀው። በ1974 ዴቪድ ዊቨርና ባልደረቦቹ ገና ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ እጅግ ፈጥነው የሚያድጉ፣ አጥንታቸው ከዕድሜያቸው ቀድሞ የሚበስል፣ ዐይኖቻቸው ራቅ ራቅ ያሉ፣ አንዳንዴም የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ የማይዘረጋ ልጆችን ገለጹ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በትምህርት ይከብዳቸዋል። በ2011 የዚህ የዊቨር ሕመም ምክንያት በኢዜድኤች-2 ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ መሆኑ ታወቀ፤ ለውጡም ብዙ ጊዜ ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ ሳይሆን በልጁ ላይ እንደ አዲስ የተፈጠረ ነው። እኛ ዘንድ ቶሎ ያደገ ልጅ «ማሻ አላህ» ወይም «እግዜር ያሳድገው» ተብሎ ይመረቃል፤ ርዝመት የሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይከብዳል። እናቶች በልጃቸው ላይ የደረሰውን ሁሉ ራሳቸው ባደረጉት ነገር ሲያሳብቡ ስለምሰማ፣ «እንደ አዲስ የተፈጠረ» የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረው።

ከዚያ ካንሰር አለ። በ2002 ኢዜድኤች-2 በተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰር ውስጥ በብዛት እንደሚገኝ ታየ። በ2010 ደግሞ በሊምፎማ፣ ማለትም በነጭ የደም ሕዋስ ካንሰር ታማሚዎች ላይ አንድ በጣም የተወሰነ ለውጥ ተገኘ፦ የኢንዛይሙ 641ኛው አሚኖ አሲድ ታይሮሲን መሆኑ ቀርቶ ሌላ ይሆናል። ይህ ቦታ ኢንዛይሙ ሜቲል በሚያኖርበት ኪስ ውስጥ ነው፤ ለውጡም አስገራሚ ነገር ያመጣል። ደኅናው ኢንዛይም የመጀመሪያውን ሜቲል በቀላሉ ያኖራል፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይዘገያል፤ የተለወጠው ደግሞ የመጀመሪያውን ማኖር አይችልም፣ ሁለት ያለበትን ሦስት ማድረግ ግን ይችልበታል። በታማሚው ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዱ ደኅና ሌላው የተለወጠ ስለሆነ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይጨርሳል፤ ሁለቱ ተባብረው ከልክ ያለፈ ዝምታ ይጽፋሉ።

ይህ ለምን ሊምፎማ ያመጣል? በሊምፍ ዕጢዎቻችን ውስጥ ቢ-ሕዋስ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ተሕዋስያንን ለመዋጋት ፀረ-አካላቸውን ለማሻሻል በፍጥነት የሚባዙበት ስፍራ አለ። በዚያ ስፍራ ሳሉ ኢዜድኤች-2 ብስለት የሚያመጡትን ጂኖችና መራባትን የሚገቱትን ጂኖች ለጊዜው ዝም ያሰኛቸዋል። ሥራው ሲያልቅ ዝምታው መነሣት፣ ሕዋሱም በስሎ መውጣት ነበረበት። የተለወጠው ኢንዛይም ግን ዝምታውን ስለሚያከብደው ሕዋሱ እዚያው ተይዞ መራባቱን ይቀጥላል።

ብዙ የበዛበት ኢንዛይም ካንሰር ካመጣ ያነሰበት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያው በ2010 ከመቅኔ በሚነሡ ሌሎች የደም ሕመሞች ውስጥ ኢዜድኤች-2ን የሚያጠፉ ለውጦች ተገኙ፤ እዚያ በሽታው የሚመጣው ዝምታው ሲጎድል ነው። በ2012 የታየው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቃል። በልጆች የአንጎል ግንድ ላይ በሚበቅል ክፉ ዕጢ ውስጥ የተለወጠው ኢንዛይሙ ሳይሆን ሂስቶኑ ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ በኤች-3 ጅራት ላይ 27ኛው ላይሲን ጠፍቶ በስፍራው ሜቲዮኒን ተተክቷል። ሕዋሱ ካሉት በርካታ የኤች-3 ጂኖች አንዱ ብቻ ቢለወጥም የተለወጠው ሂስቶን ፒአርሲ-2ን ስለሚያውከው በመላው ሕዋስ ምልክቱ ይመናመናል። ቅድም በገበታ ላይ የጠቀስኋቸው ሁለቱ አሚኖ አሲዶች እዚህ ቦታ ሲለዋወጡ የሚያደርሱት ይህንን ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በማኅበራዊ ድረ ገጽ የሚነገረውን ሳነብ እታወካለሁ። «ሐሳብህ ጂንህን ይለውጣል»፣ «የአያትህ ረኃብ በጂንህ ላይ ተጽፏል» የሚል ቪዲዮ ለተማሪዎቼ ሳይደርስ የቀረበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜም ከሥሩ የሚሸጥ ነገር አለ። ኢዜድኤች-2 የሚጽፈው ምልክት በአንድ ሰው አካል ውስጥ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይሻገራል፤ ከአባት ወደ ልጅ መሻገር ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የወንድ ዘር ሕዋስ ሲሠራ ከሂስቶኖቹ አብዛኞቹ ተነሥተው ፕሮታሚን በተባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ይተካሉ፤ ሂስቶኑ የሄደበት ምልክትም አብሮ ይሄዳል። በአፈር ላይ እንደሚጎተት ነጠላ ሁሉን ነገር እየሰበሰበ የሚሄድ ትምህርት አድርጎ ማቅረቡ ያሳዝነኛል፤ እውነቱ ራሱ በቂ አስደናቂ ነው።

መድኃኒትም ተሠርቶለታል። ታዜሜቶስታት የኢዜድኤች-2ን ኪስ የሚዘጋ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥር 2020 ኤፒቴሊዮይድ ሳርኮማ ለተባለ ብርቅ ካንሰር፣ በሰኔ 2020 ደግሞ ለፎሊኩላር ሊምፎማ ፈቀደው። ሊምፎማው በተመለሰባቸው ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ኢንዛይማቸው ከተለወጠባቸው 69 በመቶዎቹ ዕጢያቸው ቀነሰ ወይም ጠፋ፤ ካልተለወጠባቸው ግን አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ። እኔን የሚማርከኝ መድኃኒቱ የሚሠራበት አኳኋን ነው። እንደ ተለመደው የካንሰር መድኃኒት የሚከፋፈለውን ሕዋስ ሁሉ አይመርዝም፤ ጸሐፊውን ብቻ ያስቆማል። አሮጌው ምልክት በየመከፈሉ እየሳሳ ይሄዳል፣ የሚሞላው የለምና፤ ዝም የተባሉት የብስለት ጂኖችም ቀስ በቀስ ይነቃሉ። የመድኃኒቱ ፍሬ በፍጥነት የማይታየው ለዚህ ነው፤ ሕዋሱ ደጋግሞ መከፈል አለበት።

ይኸው ኪኒን ግን ጤናማ የሆኑትን የመቅኔ ሕዋሶችም ያገኛቸዋል፤ እዚያ ያለው ኢዜድኤች-2 ደግሞ ሥራውን ሲተው በሽታ እንደሚከተል ከላይ አይተናል። መድኃኒቱን ከወሰዱት ጥቂት ሰዎች ላይ ሌላ የደም ካንሰር ወይም የመቅኔ ሕመም ታይቷል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የወጣው መግለጫም ይህን ጠቅሶ ሐኪሞች ታማሚዎቻቸውን ለረጅም ጊዜ እንዲከታተሉ አዝዟል።